ባሱ ሲቋረጥ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኑርጃን ልጅ ለሙጀሂድ፣ ሻርጃ።

አፊያውን አላህ ያብዛልህ፤ የኔዋ ማርያምም ከፊት ከፊትህ ትቅደም። በሁለት ወገን መርቄሃለሁ፣ አንዱ ቢዘገይ አንዱ ይደርሳል።

እናትህ ደህና ናት። በየገበያው አቀስታ እህቷ ዘንድ ስትሄድ የማመላልሳት እኔው ነኝ። ገቢና ካልሆነ አልሳፈርም ትላለች፤ ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ቢኖር እንኳ አስነስታ ነው የምትገባው። የአጎቴ ልጅ ሆና ነው እንጂ ሌላ ሰው ብትሆን ከመኪናዬ አወርዳት ነበር።

ከዚያ በመጣችው በፈውዚያ እጅ የላክኸው ዕቃ በሰላም ገብቷል። ድምፅ ማጉያ ማሽኑንም ሁለቱን ባስ ስፒከሮችም ከረዳቴ ከበፍቃዱ ጋር ሆነን ሚኒባሱ ላይ ገጠምናቸው። ምን ዋጋ አለው፣ ድምፁ ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ነው የሚመስለው። ይህን የሚያህል ባስ ይህችን ታህል ድምፅ? ቻይና ነው እንዳልል አንተ መርጠህ የላክኸው ዕቃ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ከእኛ እጅ ይሆናል፤ አቀጣጠሉን ጻፍልኝ።

ነገሩ ለጨዋታ እንዳይመስልህ። ተሳፋሪ እየሸሸኝ ነው። የዛሬ ሰው ዘፈን የማይደልቅበት መኪና ላይ አይወጣም። ይህ ባስ ካልሠራልኝ መሪውን ለሌላ ሰው መልቀቄ ነው፤ መሪ ከለቀቅኩ ደግሞ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ስልክ እንዳትደውል። የኛን አገር ኔትወርክ ታውቀዋለህ፣ ሄሎ ሄሎ ሲሉ መዋል ነው። በወረቀት ይሻለኛል።

አጎትህ አለምነው


ሻርጃ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሸ አለምነው።

አሰላሙ አለይኩም። ምርቃትዎ በሁለቱም በኩል ደርሶኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ቀንሷል፣ ሥራው አልቀነሰም፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ውስጥ ተጎንብሼ ሽቦ ስጎትት እውላለሁ።

ዕቃው ጤነኛ ነው። እንደገመትኩት ከሆነ ባሶቹን አስከትላችሁ ነው የቀጠላችኋቸው፤ የአንደኛው ማይነስ ወደ ሁለተኛው ፕላስ ገብቷል። እያንዳንዱ ባስ አራት ኦም ነው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ኦም ማለት መንገዱ ለኤሌክትሪኩ ምን ያህል እንደሚጠብ ነው። አስከትለው ሲቀጥሏቸው አራትና አራት ተደምሮ ስምንት ይሆናል፣ ማሽኑ ጉልበቱን ማውጣት አይችልም።

ሚኒባስዎን ያስቡት። ተሳፋሪው አንድ በር አልፎ ሌላ በር ደግሞ እንዲያልፍ ቢደረግ መውረጃው ይዘገያል። ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ቢሆኑ ግን ሰው በአንዴ ይፈሳል። ስለዚህ ሁለቱን ፕላስ አንድ ላይ አስረው ከማሽኑ ፕላስ፣ ሁለቱን ማይነስ አንድ ላይ አስረው ከማሽኑ ማይነስ ጋር ያገናኙት። ያን ጊዜ ሁለት ኦም ይመጣል፣ ባሱም ይመጣል።

ማሽኑ የሚችለው እስከ ሁለት ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ከአቅሙ በላይ ይሠራና ይግላል፣ ይቃጠላል። ባትሪው አጠገብ እንዲሆን ከሽቦው ጋር አስሬ የላክሁልዎትን ፊውዝም አደራ፣ አይንኩት። ማሽኑ ሲጨናነቅ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው፤ እሱ ሲሞት ሌላው ይተርፋል።

ስልክ ሞክሬ ነበር። ይጠራል፣ አይነሳም።

ሙጀሂድ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙጀሂድ።

ጤናህ ይብዛ፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ። ይህን ወረቀት ልጄ እድላዊት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰው እስኪሄድ መጠበቅ ቀርቷል። አንተም በዚያው ላክልኝ፣ እሷ በወረቀት ታወጣልኛለች።

እንዳልከው ጎን ለጎን ቀጠልነው። ማሻአላህ፣ ለውጥ አለው። በደልዳላው መንገድ ላይ ጥሩ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያገሳ ግን ባሱ ይጠፋብኛል። እንዳይጠፋብኝ ነው የምፈልገው። ምን ይደረግ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የወግዲ ሰው ከመውረጃው አሳልፌ ሌላ መንደር ላይ አወረድኩት። ሲሳደብ አፉን ብታየው! የዛሬ ሰው ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በእግሩ ትንሽ ቢመለስ ምን ይሆናል?

እናትህ ሰላም ብላሃለች።

አለምነው


ሻርጃ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሸ አለምነው።

ሰላምታዬ ለቤተሰቡ በሙሉ ይድረስልኝ፣ በተለይ ለእድላዊት።

ጽሑፍዎን አንብቤ ግራ ገባኝ። እነዚያ ሁለት ባሶች በሁለት ኦም ከተቀጠሉ መስኮት ማርገፍ አለባቸው። እዚህ በዚያው ማሽን የሠራሁት መኪና ሲመጣ ከሰፈሩ ጥግ ጀምሮ ይታወቃል፤ ፖሊስ ቀጥቶታል። እርስዎ ደግሞ ዳገት ላይ ይጠፋል ይሉኛል። የባሶቹን ሳጥን የት ነው ያስቀመጡት? ቦታው የኋላው በር ጋ ነው፣ ለተሳፋሪው የሚዳረሰው ከዚያ ሲነሳ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። ይህን የሚያህል ፎቶ የሚያሳልፍ ኔትወርክ የሰው ድምፅ እንዴት ያቅተዋል? እናቴ ጋ ስደውል ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። አምስት ደቂቃ ብናወራ ከወር ጽሕፈት ይገላግለን ነበር።

ሙጀሂድ


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙጀሂድ።

የዘገየሁት ገና ስለደረሰ ነው፣ መንገደኛ በዝቷል። ፈጣሪ ያንተንም ደጅ ሙሉ ያድርገው።

ሳጥኑ ከእኔ ወንበር ጀርባ ነው ያለው፣ ወንበሩን አስደግፌ ነው ያሰርኩት። ቦታውን ተወው፣ ቦታው ተስማምቶኛል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ደሴ ወርጄ ካንተዎቹ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሦስተኛ ባስ አግኝቻለሁ። ጀርባው ላይ አራት ይላል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ ራስህ በር ሲበዛ ሰው ይፈሳል ብለሃል። አንድ በር ልጨምርበት?

ተሳፋሪውስ በነበረውም ጠግቧል። እኔ ወንበሬን እንዲነቀንቀው ነው የምፈልገው።

በግንቦት መንጃ ፈቃዴን የማሳድስበት ነው። እስከዚያ ነገሩ መልክ ቢይዝልኝ እወዳለሁ።

አለምነው


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሸ፣ ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ላቆየው፣ እንዲፈጥን ብዬ ነው።

አይጨምሩ። ሦስት ባለ አራት ኦም ባስ ጎን ለጎን ሲቀጠል ወደ አንድ ነጥብ ሦስት ይወርዳል። ማሽኑ የተሠራው ለሁለት ነው። በር ሲበዛ ሰው ይፈሳል ብያለሁ፣ ነገር ግን ያን ሁሉ ሰው ከውስጥ የሚገፋው አንድ ማሽን ነው፤ አቅሙ ያልቃል። መጀመሪያ ይግላል፣ ከዚያ ያጨሳል። ሽቦው የሚያልፈው በተሳፋሪ ወንበር ሥር ነው።

ሦስተኛውን ባስ ለሰው ይስጡት። ወላሂ ይኼን ነገር አይሞክሩት።

ገናን በደስታ ያሳልፉ።

ሙጀሂድ


ሻርጃ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሸ አለምነው።

አሰላሙ አለይኩም። ካለፈው ወዲህ ድምፅዎ ጠፋ። እድላዊትን በቴሌግራም ብጠይቃት «አባቴን ራሱን ጠይቀው» ብቻ አለችኝ። እናቴም ስለ እርስዎ ሳነሳባት ወሬ ትቀይራለች። በጣም ካጣደፍኳት ደህና ነው ትለኝና ላም አላለብኩም ብላ ትዘጋዋለች። በየቀኑ በተለያየ ሰዓት ነው የምደውለው፣ ላሟ ሁልጊዜ አልታለበችም።

ተቀይመውኝ ከሆነም በወረቀት ይንገሩኝ።

ሙጀሂድ


መካነ ሰላም፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙጀሂድ።

ሰላም ላንተ ይሁን። መጀመሪያ እናትህ ደህና መሆኗን ዕወቅልኝ፣ የሚቀጥለውን እሱን ይዘህ አንብበው።

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል የአገራችን ሰው። መከረኝ።

ሦስተኛውን ባስ ቀጠልኩት። ጥቂት ቀን ወንበሬ እንደ ወፍጮ ቤት ተንቀጠቀጠ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ልቤ አርፎ ነዳሁ። ፊውዙ ግን ደጋግሞ ይሞት ጀመር። መቀየሩ ሲሰለቸኝ በቦታው የመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩበት። አትንካ ያልከኝን ነው የነካሁት፣ እሱን አልክድም።

በአቀስታ ገበያ ቀን መኪናው ሞልቷል፣ እናትህ እንደ ልማዷ ገቢና ናት። ቁልቁለቱን ስወርድ ባሱ ከጀርባዬ ቀጥ አለ። ወራጅ አለ ብዬ ዳር ያዝኩ። ፍሬኔን ይዤ ሰውየው እስኪወርድ ጠበቅኩ፣ በጎን መስታወት ሳይ በሩ አልተከፈተም። ሽታ ሸተተኝ፣ የፍሬን ሸራ ነው አልኩ። ዕቃውን እየለቀመ ይሆናል ብዬ ገደሉን እያየሁ ቁጭ ብያለሁ።

ለካስ ማሽኑ ተቃጥሎ ጭሱ ኋላውን ሞልቶታል። ሰው በሩ ላይ ተጋፍቶ በሩ እንቢ ብሏል። ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር አሉ። እናትህ ትከሻዬን ጨብጣ ስታዞረኝ ነው ያየሁት። ወርጄ በሩን ከውጭ በኩል ከፈትኩ፣ በፍቃዱ ሰዉን አንድ በአንድ አወረደ። የአንድ ሽማግሌ ጋቢ ጫፉ ተለብልቧል። ሰው ግን አልተነካም፣ ፈጣሪ ይመስገን።

አሁን ማሽን የለኝም። ያንኑ ዓይነት ሌላ ብትልክልኝ በሁለት ባስ ብቻ እቀጥለዋለሁ። በማርያም ይዤሃለሁ፣ ሦስተኛ አልጨምርም።

አለምነው


ሻርጃ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሸ አለምነው።

አላህ ስላተረፋችሁ ምስጋና ይድረሰው። ከዚህ በላይ ሰላምታ አሁን አልመጣልኝም።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አነበብኩት፣ ቤት ገብቼም አነበብኩት። ስለ ማሽኑ አልቆጣም። አንድ ነገር ግን ይዞኝ አልለቅ አለ። ባስ ሲቋረጥ ሰው ሊወርድ ነው ብሎ የሚቆም ሾፌር አይቼ አላውቅም። ሾፌር የሚቆመው «ወራጅ አለ» ሲባል ነው።

ከዚያ ገባኝ። ሰው ሊወርድ ሲል በፍቃዱ ዘፈኑን ያጠፋዋል፤ እርስዎ ከጀርባዎ መምታቱን ሲያቆም ይቆማሉ። ሳጥኑ ከወንበርዎ ጀርባ የሆነው ለዚህ ነው። ዳገት ላይ የሚጠፋብዎትም በጆሮዎ ሳይሆን በጀርባዎ ነው፣ የሞተሩ መንቀጥቀጥ እየበለጠው። ጋሸ፣ እርስዎ አይሰሙም። ስልኩንም የማያነሱት ለዚህ ነው።

ለእናቴ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። «እኔ ገቢና የምቀመጠው ለምቾት መስሎህ ኖሯል?» አለችኝ። በገበያ ቀን ክንድዎን እየነካች የምታስቆምዎት እሷ ናት። በፍቃዱም እድላዊትም ያውቃሉ። እኔ እዚህ ኦም ስደምርና ሳካፍል እናንተ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ናችሁ። ተናድጃለሁ፣ በእርስዎም በእሷም፣ በሁሉም። አዝኛለሁም። ያንን ሚኒባስ ፈታተው ገና ልጅ ሳለሁ ሽቦ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት፤ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው።

ባስ ወራጅ መኖሩን ሊነግርዎት ይችላል። ከኋላ የሚመጣውን የአይሱዙ ጥሩንባ አይነግርዎትም። እሳት ሲነሳ የሚጮኸውን ሰው አልነገረዎትም። በየትኛውም አቀጣጠል ቢሞከር ይህን የሚያደርግ ሽቦ እኔ ጋ የለም።

ማሽኑ እዚህ መደርደሪያ ላይ አለ። አልልክልዎትም።

ሙጀሂድ


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙጀሂድ።

ኢድህ ሲያልፍ እንኳን አደረሰህ ሳልልህ ቀረሁ፤ አሁን ከኔ ፋሲካ ጋር አንድ ላይ ይድረስህ። ዕድሜህ ይርዘም፣ ያሰብከው ይሙላልህ።

ተቀይሜህ ነበር። ወረቀትህን አጣጥፌ የመኪናው ጣራ ሥር ሸጎጥኩት፣ መልስም አልጽፍለትም አልኩ። ጾሙ ገባ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ ምሕረት ስለምን አንተ ትመጣብኛለህ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት።

ጆሮዬ መድከም የጀመረው ድሮ አይሱዙ እነዳ በነበረበት ዘመን ነው። ቀስ እያለ ነው የሄደው፣ እንደ ወንዝ ዳር አፈር። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ሄደ፣ ከዚያ የሴቶቹ ድምፅ፣ ኋላ የሁሉም። ለሰው ብነግር መሪውን ይቀሙኛል ብዬ ፈራሁ። መሪ ይዤ ካልሆነ ምን እንደምባል አላውቅም ነበር።

የሚያሳፍረው ደግሞ ሌላ ነው። መናኸሪያው በሙሉ ያውቅ ኖሯል። «የደንቆሮው መኪና ላይ አትውጡ» እየተባለ ነው ለካ ተሳፋሪው የሸሸኝ፤ እኔ ለዘፈን መስሎኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ አንድ እንኳ የነገረኝ ሰው የለም። ከሻርጃ አንተ ነገርከኝ።

በሆሳዕና ዋዜማ... ብቻ ቀኑን ተወው፣ ቁልፉን ለበፍቃዱ ሰጠሁት። መንጃ ፈቃድ አለው፣ ታውቃለህ። ከእጄ አልቀበል አለኝ። ወንበሩ ላይ አስቀምጬለት ወረድኩ። ቤቴ ገብቼ ግድግዳ ዞሬ ተኛሁ። አለቀስኩ ብልህ ይቀለኛል፣ አላለቀስኩም፤ ባለቅስ ይሻል ነበር።

እናትህ መጣች። የምትለውን አፏን እያየሁ ነው የማነበው፣ ለእኔ ስትናገር ቀስ ማለት ከጀመረች ቆይታለች። «በፍቃዱ ነድቶም ተጣርቶም እንዴት ይሆናል? ተነስተህ መኪናህን ሙላ» አለችኝ። እጄን ይዛ መናኸሪያ ወሰደችኝ።

አሁን በሩ ላይ ቆሜ የምጣራው እኔ ነኝ። መጣራት ጆሮ አይፈልግም። ድምፄ ስንት እንደወጣ ስለማላውቀው እስከ ገበያው ድረስ ይሰማል አሉ፤ ሌሎቹ ረዳቶች «ሽማግሌው፣ ይህን ጉሮሮ በዚህ ዕድሜ ከየት አመጣኸው?» ይሉኛል። መኪናው ይሞላል። የሚወርድ ሰው ክንዴን ይነካኛል፣ እኔ ጣራውን ሁለቴ እመታለሁ፣ በፍቃዱ ይቆማል። እናትህ ከገቢና ወርዳ ኋላ ከሰው ጋር መቀመጥ ጀምራለች። ለምን ስላት፣ ገቢና ፀሐይ ይመታል አለችኝ።

ማሽን አትላክ። ከሦስቱ ባሶች አንዱን ለእድላዊት ጓደኛ ሰጠኋት፣ ሁለቱ ቤት አሉ።

ከዛሬ ጀምሮ መደወል ትችላለህ። ጠዋት መኪናው ሳይነሳ እድላዊት ስልኩን ይዛ መናኸሪያ ትመጣለች። አቀስታ፣ አቀስታ እያልኩ ስጣራ ትሰማኛለህ። አንተ ግን አትድከም፣ የምትለኝን ጻፍልኝ።

አጎትህ አለምነው